ጃንጥላዬን ግን ትመልስ

ከሊል ልብስ ሰፊ ነበር። ጅማ፣ መንደራ ቆጪ ሰፈር ውስጥ ከቀበሌ በተከራያት ጠባብ ቤት በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን ዘርግቶ የሰው ሱሪ ያሳጥራል፣ ኮሌታ ይገለብጣል፣ የተማሪ ዩኒፎርም ይሰፋል። ሲጠይቁት ቶሎ አይመልስም። መጀመሪያ ክሩን በጥርሱ ይበጥሳል፤ ቀጥሎ መርፌውን ደረቱ ላይ ይሰካል፤ የሚናገረው ከዚያ በኋላ ነው። የሚናገረውም እውነቱን ብቻ ነው። «አምሮብኛል?» ብሎ የጠየቀው ደንበኛ ብዙ ጊዜ ሁለተኛ አይመለስም። ሚስቱ ፈድሊያ በዚህ ትበሽቃለች።

«ሰው ትንሽ እንኳ ይዋሻል» ትለዋለች። «አንተ ለትንሿም ሰነፍ ነህ።»

የፖስት ካርዱ ነገር የጀመረው በቁንዶ በርበሬ ነው። በስልሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት ትርፍ ቤት ሲወረስ፣ አንድ የየመን ነጋዴ ሱቁን ጥሎ ወደ አገሩ ሄደ። ይህ ነጋዴ በደህናው ዘመን የፖስታ ሣጥን ከነበራቸው ጥቂት የጅማ ሰዎች አንዱ ስለነበር፣ ከአጋሮ እስከ ደዶ ያለው ቡና ነጋዴ፣ ሚዛን ያዥና የሐጅ ተጓዥ ሁሉ ለዘመዱ የሚጽፈውን በእሱ ቁጥር ነበር የሚልከው። ተቀባዩ ገበያ ሲወጣ ጎራ ብሎ ይወስዳል ተብሎ ነው። አንዳንዱ ይወስዳል። አብዛኛው ደግሞ የተጻፈለት መሆኑን እንኳ ሳያውቅ ይቀራል። ነጋዴውም ያልተወሰደውን ጆንያ ውስጥ ይጨምራል። እሱ ሲሄድ ጆንያው ቀረ፤ ጆንያውን ቅመም ሻጮች ገዙት። ፖስት ካርድ ወፍራም ስለሆነ ቢጠቀልሉበት አይቀደድም።

አንድ ቀን ከሊል ከገበያ ተመልሶ የገዛውን ቁንዶ በርበሬ ሲዘረግፍ በወረቀቱ ላይ የምፅዋ ወደብ ከነመርከቡ ብቅ አለ። ገልብጦ አነበበው። «ጥርሴን አስነቀልኩ። የቀረውም ጀምሯል። ለሁሉም ሰላም በሉልኝ» ይላል።

ሌላ ሰው ቢሆን ቅመሙን ወስዶ ወረቀቱን ይጥል ነበር። የከሊል ልብ ግን አላርፍ አለ። ሰላምታ አደራ ነው፤ ይህን ቁርአን ቤት ሳለ ተምሯል። «ሰላም በልልኝ» ሲሉህ ከተቀበልክ ማድረስ ግዴታህ ነው፤ ሳታደርስ ብትቀር በቂያማ ቀን ትጠየቅበታለህ። ነገሩን ወደ ሸሁ ወሰደው።

«አደርሳለሁ ብለሃል?» አሉት ሸሁ።

«አላልኩም።»

«ታዲያ ምን አለብህ?»

ከሊል አሰበ። «ገዝቼዋለሁ እኮ» አላቸው። «በገንዘቤ ስገዛው ያለውን ይዞ ነው የተሸጠልኝ። ቁንዶ በርበሬውን ተቀብዬ ሰላምታውን አልተቀበልኩም ልል ነው?»

ሸሁ ሳቁና «አላህ ያግዝህ» ብለው ሸኙት፤ ከሊል ደግሞ ይህን እንደ ፍርድ ወሰደው። ከዚያ በኋላ ገበያ በወጣ ቁጥር ቅመም ሻጮቹ ዘንድ እየዞረ ካርድ ለቀመ። የብስኩት ቆርቆሮ ሞላ። ሲደረድራቸው በሥዕላቸው አይደለም፤ የጥርስ ሕመሞች ለብቻ፣ የዘገዩ መርከቦች ለብቻ፣ የዝናብ ወሬዎች ለብቻ፣ የጠፉ ዕቃዎች ለብቻ ናቸው። ምሳ ሲበላ ለፈድሊያ ወሬ ይነግራታል።

«የሰውዬው በቅሎ አነከሰች» ይላታል።

«የየትኛው ሰውዬ?»

«ያ ድሬዳዋ የወረደው።»

«መቼ ነው ያነከሰችው?»

«በአርባ አራት።»

«ከዚያ ወዲህ እግሯ አልዳነም?» ትልና ትስቅበታለች። በማግስቱ ግን ሽንኩርት እየላጠች «ያቺ በቅሎስ?» ብላ መጠየቋ አይቀርም።

አንዳንዱን ሰላምታ አድርሷል። ሰቶ ሰመሮ መንደር ያሉ አንድ ሽማግሌ፣ ከሞተ ብዙ ዘመን ከሆነው ወንድማቸው ሰላም ሲባሉ አልቅሰው፣ ካርዱን እንዲሰጣቸው ለመኑት። ከሊል «ሰላምታው የእርስዎ ነው፣ ካርዱ ግን የእኔ ነው» ብሎ እምቢ አለ። ሽማግሌው እንባቸውን ጠርገው ሰደቡት።

ችግር የመጣው በሰባ አንድ ነው። ከከተማ ለመውጣት ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ያስፈልግ ነበር። በወረቀቱ ላይ «የጉዞው ምክንያት» የሚል መስመር አለ። ሕዝቡ እዚያ ላይ «ለሐዘን» ወይም «ለሕክምና» ብሎ ይሞላና ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። ከሊል አጋሮ ለመሄድ ሲፈልግ «ሰላምታ ለማድረስ» ብሎ ጻፈ። የቀበሌው ጸሐፊ አነበበው፤ ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባውን አየ፤ ከዚያ ተነሥቶ በሩን ዘጋ።

ብዙም ሳይቆይ የብስኩቱ ቆርቆሮ በሊቀመንበሩ ጠረጴዛ ላይ ነበር፤ ከሊል ደግሞ በጠረጴዛው ፊት ቆሟል። ሊቀመንበሩ ቲጃኒ ይባላል። በልጅነቱ ከከሊል ጋር አንድ ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ ቁርአን ተምሯል። አሁን ሃይማኖት የለኝም ይላል፣ በተለይ ሰው ሲሰማ።

«ስምህ?» አለው።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ባለፈው ሱሪዎን ያሳጠርኩት እኔ ነኝ እኮ።»

«ስምህን ነው የጠየቅኩህ።»

«ከሊል።»

ቲጃኒ ከቆርቆሮው አንድ ካርድ አወጣ። «"ጥርሴን አስነቀልኩ። የቀረውም ጀምሯል።" ምን ማለት ነው?»

«ሰውዬው ጥርሱን አሞት ነበር።»

«የቀረው ምን ጀመረ?»

«መታመም።»

«የቀረው ማነው? ስሙን ተናገር።»

ከሊል መዋሸት ስላልፈለገ ጥቂት አሰበ። «በእርግጥ አላውቅም። መንጋጋ ሳይሆን አይቀርም።»

ጸሐፊው «መንጋጋ» ብሎ ጻፈና ቀና አለ። «የአባት ስም?»

ከቀበሌው ኮሚቴ አባላት አንዱ ሌላ ካርድ አንሥቶ «መርከቡ ዘግይቷል» የሚለውን ጮክ ብሎ አነበበ። የጦር መሣሪያ የጫነ መርከብ እንደሆነ አልተጠራጠረም።

«በአርባ አንድ የተጻፈ ነው» አለ ከሊል።

«ይሄን ያህል ከዘገየማ» አለ አባሉ ፊቱን አጨፍግጎ፣ «መድረሻው አሁን ነው።»

ረጅም ውይይት ተደረገ። በመጨረሻ ቲጃኒ ውሳኔውን ተናገረ። ሰላምታዎቹ የእውነት ሰላምታዎች ከሆኑ ባለቤት ይኖራቸዋል። ከሊል ሰላምታው ገና ያልደረሰውን አንድ ተቀባይ፣ አንድ ብቻ፣ ፈልጎ «አዎ፣ ይሄ ሰላምታ የእኔ ነው» አሰኝቶ ያስፈርም። ካስፈረመ ቆርቆሮው ይመለስለታል። ካላስፈረመ ካርዶቹ ይቃጠላሉ፣ እሱም ወደ በላይ አካል ይላካል። በዚያ ዘመን ወደ በላይ አካል የሄደ ሰው እንደ የመናዊው ነጋዴ ደብዳቤዎች ነበር፤ ደረሰ የሚል ወሬ አይመጣም። ፈድሊያ ውሳኔውን ስትሰማ አላለቀሰችም። ያለውን ካልሲ ሁሉ አጥባ ሰጣች፤ ከሊልም ካልሲዎቹን ሲያይ ነገሩ ገባው።

ከሊል ቀበሌ ተመልሶ ሰላምታቸው ያልደረሰውን ካርዶች አንድ በአንድ አየ። «ለሁሉም»፣ «ለእነዚያ ልጆች»፣ «ለምታውቃት» ነው የሚሉት። ስምና ቦታ አሟልቶ የያዘው አንድ ብቻ ነበር፣ አጋሮ ሊያደርሰው ይለፍ የጠየቀበት፤ ሥዕሉ ያው የምፅዋ ወደብ ነው፣ ጽሕፈቱ ግን የሌላ ሰው። «በደህና ደርሻለሁ። ሙቀቱ አይቻልም። መርከቡ ዘግይቷል። አጋሮ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ላለችው ለባህሪያ ሰላም በሉልኝ፤ ጃንጥላዬን ግን ትመልስ። ሙሐመድሳኒ።»

ሰውዬው ወደ ሐጅ ሲሄድ መሆን አለበት። ይሄን ከጻፈ ሠላሳ ዓመት ሞልቶታል።

ፈየራ የሚባል የአብዮት ጥበቃ ጠመንጃውን ይዞ አብሮት እንዲሄድ ታዘዘ። ፈየራ ከገጠር የመጣ፣ የታዘዘውን ቃል በቃል የሚፈጽም ረጅም ልጅ ነው። ቡና ጭኖ ሊመለስ ባዶውን በሚሄድ መኪና ላይ ተሳፍረው አጋሮ ገቡ። ወፍጮ ቤቱ አሁንም አለ። ከጀርባው አንዲት ሸምገል ያሉ ሴት ሰሌን ላይ የተሰጣ ቡና በእግራቸው ያገላብጣሉ። ጠመንጃውን ሲያዩ እግራቸው ቆመ።

«እማማ ባህሪያ ነዎት?» አለ ከሊል።

«ባህሪያ የምትባል አላውቅም።»

በዚህ መሃል ጎረቤታቸው በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ «ባህሪያ፣ እንግዳ መጣብሽ እንዴ?» አለች።

«እሷ ሌላ ባህሪያ እየጠራች ነው» አሉ ሴትዮዋ።

ከሊል ካርዱን አውጥቶ ማንበብ ጀመረ። ለመድረሱም፣ ለሙቀቱም፣ ለመርከቡም «አላውቅም» እያሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ለባህሪያ ሰላም በሉልኝ» ሲልም «ሰላም የሚለኝ ሰው የለኝም፤ ማንም ሰላም ብሎኝ አያውቅም» አሉ። ፈየራ ከሊልን በሐዘን አየው። ከሊል የቀረውን አነበበ።

«"ጃንጥላዬን ግን ትመልስ።"»

ሴትዮዋ ከሰሌኑ ወርደው ጫማቸውን አደረጉ።

«እስኪ ድገመው» አሉ።

ደገመው።

«ጃንጥላ» አሉ፣ በቀስታ። «ጃንጥላ ተውሼ የማስቀር ሴት ነኝ? ያን ሁለት ጎኑ የተቀደደ፣ ሲከፍቱት የሚጮህ ጃንጥላ? እሱ መንገድ ከመጀመሩ በፊት ለእህቱ ለከድጃ በእጇ ሰጥቻታለሁ። አድርቄ፣ አጥፌ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይሄ ወሬ በሰው ፖስታ ሲንከራተት እኔ እዚህ ቡና አገላብጣለሁ?»

«እና ያውቁታል» አለ ፈየራ።

«ለምን አላውቀውም? ማነው አላውቀውም ያለው?» ወደ ፈየራ ዞሩ። «አንተ፣ ያን ጠመንጃ ግድግዳው ላይ አስደግፍና ይሄን ቡና አገላብጥልኝ፤ እኔ ሥራ ይዣለሁ።»

«ሀርሜ፣ እናቴ፣ እኔ ጥበቃ ላይ ነኝ…»

«ጠብቀው፣ ግን እያገላበጥክ።»

ፈየራ ቡናውን ማገላበጥ ጀመረ። እማማ ባህሪያ ለሰላምታው ለመፈረም አሻፈረኝ አሉ፤ ጃንጥላውን ስለመመለሳቸው ግን እፈርማለሁ አሉ። ከሊል ሁለቱንም ባንድ ወረቀት ጻፈው። አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ወረቀቱ ሊቀደድ እስኪደርስ ተጫኑት።

«አሁን የእኔን ስሙ» አሉ። «ከሐጅ ተመልሶ ደዶ ተቀምጧል ሲሉ ሰምቻለሁ። ለሙሐመድሳኒ ሰላም በሉልኝ። ጃንጥላውን ለከድጃ ሰጥቻለሁ። የተቀደደው እኔ ዘንድ ከመምጣቱ በፊት ነው። ታደርሳላችሁ?»

«አደርሳለሁ» አለ ከሊል። ፈየራ ቡናው ላይ አቀርቅሮ ማገላበጡን ቀጠለ።

ሳይመሽ ጅማ ተመለሱ። በማግስቱ ኮሚቴው ተሰበሰበ፤ ከሊል በሩ አጠገብ ባለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ፈየራ ቀጥ ብሎ ቆሞ ያየውንና የሰማውን ምንም ሳያጎድል ተናገረ። የሙቀቱን፣ የጎረቤቲቱን፣ የቡናውን፣ ሁሉንም። «በመጨረሻም እንዲህ ብለዋል፤ ለሙሐመድሳኒ ሰላም በሉልኝ። ጃንጥላውን ለከድጃ ሰጥቻለሁ። የተቀደደው እኔ ዘንድ ከመምጣቱ በፊት ነው።» ወታደራዊ ሰላምታ ሰጠና ተቀመጠ።

ቲጃኒ ደስ አለው። ወረቀቱ ላይ የእማማ ባህሪያ አሻራ በግልጽ ይታያል። «ሪፖርቱን የምትቀበሉ?» አለ። ግራ እጆች ሁሉ ወደ ላይ ወጡ፣ የሊቀመንበሩም ጭምር። «ኮሚቴው ሪፖርቱን ሙሉ በሙሉ፣ በሙሉ ድምፅ ተቀብሏል። ጻፍ።»

ጸሐፊው ጻፈ። ከሊል መርፌውን ደረቱ ላይ ሰካ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ሁሉንም ነው የተቀበላችሁት?»

«ሁሉንም።»

«የእማማ ባህሪያን ሰላምታ ጭምር?»

«ሪፖርት ተሸንሽኖ አይቀበሉትም።»

«አልሐምዱሊላህ» አለ ከሊል። «ብቻዬን መስሎኝ ከብዶኝ ነበር።»

ቲጃኒ ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ። ያ ምንጣፍ፣ ያ የቁርአን ቤት ጭቃ ግድግዳ፣ ያ ትምህርት ትዝ አለው። ከአባላቱም አብዛኞቹ እንዲሁ ባለ ቤት አልፈዋል። አንዱ «እኔ እጄን ግማሽ ነው ያነሣሁት» ሲል አጉረመረመ።

«የተቀበልነው ሪፖርቱን እንጂ ሰላምታውን አይደለም» አለ ቲጃኒ።

«ሰላምታው ሪፖርቱ ውስጥ ነበር» አለ ከሊል።

ጸሐፊው ቃለ ጉባኤውን አየ። «ጓድ፣ "ሙሉ በሙሉ" ብለውኛል።»

«ሰርዘው።»

«በሙሉ ድምፅ ያለፈ ውሳኔ የሚሰረዘው በበላይ አካል ነው።»

ሁሉም ስለ በላይ አካል አሰቡ። ስለ አንድ ጃንጥላ አብራርተው መጻፍ ይኖርባቸዋል። ማንም ሊጽፍ አልፈለገም።

ከሰዓት በኋላ ቲጃኒ ምንም ጥገና የማያስፈልገው ሱሪ ይዞ ወደ ከሊል በረንዳ መጣ። «ይለፍ ልስጥህና የእኛንም አንተ አድርስልን» አለው ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«የእኔን እኔ አደርሳለሁ» አለ ከሊል። «የእናንተን ካደረስኩ የተቀበላችሁት እናንተ፣ ያደረስኩት እኔ ይሆናል። አላህ ዘንድ እንዴት እንደሚያዝ አላውቅም። የማላውቀውን ይሆናል ብል ውሸት ይሆንብኛል።»

ፈድሊያ ከውስጥ «ባክህ አንድ ጊዜ እንኳ ዋሽ» አለች። አልዋሸም።

«ቆርቆሮዬስ?» ብሎ ጠየቀ።

«ፋይሉ ሲዘጋ ነው የሚመለሰው። ፋይሉ የሚዘጋው…» ቲጃኒ ሱሪውን አጣጠፈ። «ያ ሰውዬ ሲቀበል ነው።»

ስለዚህ ከአንድ መሥሪያ ቤት በተዋሱት ላንድሮቨር ኮሚቴው እንዳለ ወደ ደዶ ተጓዘ። በይለፋቸው ላይ ቲጃኒ «ለቅስቀሳ» ብሎ ጻፈ፤ ከሊል በራሱ ይለፍ ላይ ያቺኑ «ሰላምታ ለማድረስ» አሰፈረ። ቆርቆሮው በሊቀመንበሩ ጭን ላይ ነው። ፈየራ ከኋላ ተቀምጧል። አደርሳለሁ አላልኩም እያለ ራሱን ያጽናና ነበር፤ ሪፖርቱን ሲናገር በገዛ አፉ ሰላምታውን ማቀበሉ ግን መንገዱን ሁሉ አሳሰበው።

ሙሐመድሳኒ ከቤታቸው ፊት ባቄላ ሲያርሙ አገኟቸው። ካኪ የለበሱ ሰዎች ከመኪና ተራ በተራ ሲወርዱ፣ በመጨረሻ ጠመንጃ ሲወርድ አዩ። ቀና ብለው እጃቸውን አራገፉ።

«ሙሐመድሳኒ ሞቷል» አሉ፣ ገና ማንም ሳይጠይቃቸው።

«መቼ?» አለ ጸሐፊው ብዕሩን አውጥቶ።

«ቆይቷል።»

«ከእማማ ባህሪያ ሰላምታ ይዘን ነው» አለ ቲጃኒ።

«ባህሪያ የምትባል አላውቅም። አጋሮን አላውቅም።»

«አጋሮ መች አልን?»

«ምፅዋንም አላውቅም» አሉ ሽማግሌው። «ጃንጥላም ኖሮኝ አያውቅም። ዝናብ ሲመጣ ዝም ብዬ ነው የምበሰብሰው።»

ቲጃኒ ላብ አጠመቀው። ወደ ማሳው ገብቶ በባቄላው መሃል ቆመ። «አባባ፣ ችግር የለም። ተቀብያለሁ በሉን ብቻ። በአላህ ይዤዎታለሁ።» ጸሐፊው ይሄ ይጻፍ አይጻፍ ብሎ ብዕሩን አየር ላይ አቆመ። ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ ጨርሶ ፈሩ፤ ሊቀመንበር ሲለምን አይተው አያውቁም።

ከሊል «እስኪ መኪናው ጋ ቆዩ» አላቸው። ቆዩ። ጠመንጃውም ሄደ። ከሊል ከሽማግሌው ጋር አንድ ግንድ ላይ ተቀመጠና አገሩ እንደሚያደርገው፣ ሳይቸኩል፣ ሰላምታ ጀመረ። እንዴት ናችሁ፤ ከብቱ ደህና ነው፤ ባቄላው እንዴት ይዟል፤ ዝናቡ አልበዛም፤ ልጆች ደህና ናቸው። ሽማግሌው እያንዳንዷን መለሱ፤ አጎንብሰው በአንዲት ቅጠል እየተጫወቱ፣ ደህና፣ ደህና፣ አላህ ይመስገን እያሉ። ድምፃቸው ቀስ በቀስ እየላላ መጣ።

«ባህሪያም አሰላሙ ዓለይኩም ብላለች» አለ ከሊል በዚያው ድምፅ።

«ወዓለይከ ወዓለይሃ ሰላም» አሉ ሽማግሌው፤ በአንተም በእሷም ላይ ሰላም ይሁን ማለታቸው ነው። ከአፋቸው ካመለጠ በኋላ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ቅጠሏ ወደቀች።

«ደህና ናት?» አሉ በመጨረሻ።

«ደህና ናት። ተቆጥታለች።»

«በምን?»

«ጃንጥላውን ለከድጃ ሰጥቻለሁ ብላለች። የተቀደደውም ቀድሞ ነው ብላለች።»

ሙሐመድሳኒ ራሳቸውን ያዙ። «እውነቷን ነው። ስመለስ ቤት ውስጥ ተሰቅሎ አገኘሁት። ካርዱን ግን ልኬ ነበር። ደርሷት ይሆናል ብዬ አፈርኩ። ሄጄ ልጠይቃት ብዙ ጊዜ ተነሥቼ ነበር። ስለ ጃንጥላው የመጣሁ እንዳይመስላት ብዬ ተውኩት።»

«ሠላሳ ዓመት?»

«መንገዱም ጭቃ ነበር» አሉ ሽማግሌው።

ቲጃኒ ከመኪናው በኩል «ተቀበሉ?» ብሎ ጮኸ።

«ተቀበሉ» አለ ከሊል።

ሊቀመንበሩ ቆርቆሮውን በሁለት እጁ አምጥቶ ከሊል ጭን ላይ አኖረና «ፋይልህ ተዘግቷል» አለ። ፊቱ ሕመም እንደለቀቀው ሰው ፈካ። አባላቱ እርስ በርስ ተጨባበጡ። በዚህ ጊዜ ሙሐመድሳኒ በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«ልጆቼ፣ ቆዩ እስኪ። እንግዲህ ለእሷ ደግሞ…»

«ንዳ» አለ ቲጃኒ ለሾፌሩ፣ ወደ መኪናው እየሮጠ። «ንዳ፣ ንዳ።» አባላቱ ተጋፍተው ገቡ። ጸሐፊው ብዕሩ ወደቀበትና አልመለስ አለ። ፈየራ ሁለት ጣቱን ሁለት ጆሮው ውስጥ ወትፎ፣ ጠመንጃው ወገቡን እየደበደበው ሮጦ በኋላው በር ተንጠላጠለ። መኪናው ጭቃ እየረጨ ቁልቁል ወረደ።

ሽማግሌው ተከትለው አዩት። «ምን ሆኑ?»

«ፈርተው ነው» አለ ከሊል።

«ማንን?»

«እርስዎን።»

ሙሐመድሳኒ ይሄን ትንሽ አሰቡበት። ቅር ያላቸው አልመሰሉም። ተመልሰው ግንዱ ላይ ተቀመጡ፤ ጉሮሯቸውንም ጠረጉ። ከሊል ቆርቆሮውን ጉልበቱ ላይ አመቻችቶ ወደ እሳቸው ዞረ።

«በሉ አባባ፣ አይቸኩሉ» አላቸው። «አጋሮ የምሄደው በእግሬ ነው።»